ይቅደሙ የሚለው ቁልፍ

በጎ ፈቃድ ግዴታ የሆነው እኔ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነው። አዋጁ አጭር ነበር፤ ማንኛውም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በገዛ ፈቃዱ አራት መቶ ሰዓት ካላገለገለ አይመረቅም ይላል። ማንም አልተቃወመም። የተቃወመ ፈቃደኛ አይደለም ይባላል፤ ፈቃደኛ ላልሆነ ሰው ደግሞ ሰዓት አይቆጠርለትም።

ግቢ የገባሁት በ2069 ነው። በየማለዳው ስነቃ ስልኬ «ዛሬም በነጻ ፈቃድዎ ነው?» ብሎ ይጠይቀኛል። መልሱ ሁለት ነው፤ «አዎ» እና «ትንሽ ቆይቼ አዎ»። እኔ ጠዋት ጠዋት ፊቴ ቶሎ የማይፈታ ሰው ስለሆንኩ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ከዚያ ወረፋዬን አያለሁ። ሻወር 214፣ ካፌ 388፣ የላይብረሪ ወንበር 1,017። ከአልጋዬ ሳልወርድ ሦስት ቦታ ተሰልፌአለሁ ማለት ነው። ለቀበሌ ቤት አባቴ ያስመዘገበኝ ክርስትና በተነሳሁበት ሳምንት ነው፤ ተራዬ በ2131 ይደርሳል። የዶርም ጓደኛዬ ሲፈን ለሠርግ አዳራሽ ተሰልፋለች። ሙሽራ ገና አላገኘችም፤ አዳራሹ ግን ስድስት ዓመት ብቻ ቀርቶታል። ሽንት ቤትንም ለማስገባት ተሞክሮ ነበር፤ ከሁለት ቀን በላይ አልዘለቀም።

ይህን ሁሉ የሚያሰልፈው «ወረፋ» የሚባል ሶፍትዌር ነው። ክፍት ኮድ ነው፤ ማንም ያነበዋል፣ ማንም ያሻሽለዋል፣ ማንም አይከፈልበትም። ከአርባ ዓመት በፊት ዳምጤ የሚባል ተማሪ ለዶርሙ ሻወር ብሎ ጻፈው። ከሻወር ወደ ዳቦ ቤት፣ ከዳቦ ቤት ወደ ክሊኒክ፣ ከክሊኒክ ወደ ቀበሌ እያለ አገር ምድሩን አዳረሰ። ጋሽ ዳምጤ አሁን ጡረታ ወጥተው አሰላ ይኖራሉ፤ ኮዱን ግን ዛሬም የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው። ሥራውን የሚነካ ማሻሻያ ሁሉ በእሳቸው ጣት ካልጸደቀ አይገባም። መንግሥት ሁለት ጊዜ የምስጋና ወረቀት ሰጥቷቸዋል፤ ሁለተኛውን ለመቀበል አራት ወር ተሰልፈዋል።

የእኔ በጎ ፈቃድ በወረፋ ላይ ነው። የአብዛኛው ተማሪ በጎ ፈቃድም እዚያው ነው፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። የሰዓት ቢሮው ደንብ አንድ የጸደቀ ማሻሻያ አንድ ሰዓት ነው ይላል፤ ትልቅ ይሁን ትንሽ አይጠይቅም። ሲፈን ጠዋት በማብራሪያው ጽሑፍ ላይ አንድ አራት ነጥብ ትጨምራለች። ማታ ሌላ ብሎክ የሚኖር አንድ ተማሪ ያንኑ አራት ነጥብ ያነሳል። በማግስቱ እሷ መልሳ ትጨምራለች። እንዲህ ያሉትን ማሻሻያዎች ማሽን ስለሚያጸድቃቸው ሁለቱም በሁለት ዓመት ሦስት መቶ ሰማንያ ሰዓት ሞልተዋል፤ ባለፈው ዓመት መድረክ ላይ ተሸልመዋል። እኔ አንድ ሙሉ ዓመት ለፍቼ የሠራሁት ሥራ አንድ ሰዓት ተቆጠረልኝ። በድምሩ ዘጠኝ ሰዓት ነበረኝ።

«ችግርሽ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» ትለኛለች ሲፈን። «ሥራ ትሠሪያለሽ።»

ያ የአንድ ዓመት ሥራ «ይቅደሙ» የሚለው ቁልፍ ነው። በወረፋ ላይ ትልቁ ቅሬታ ለሰው ቦታ መልቀቅ አለመቻሉ ነበር። የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ሦስት መቶኛ፣ የሃያ ዓመት ጎረምሳ አሥረኛ ሆነው ይጠብቃሉ፤ ጎረምሳው ልልቀቅላቸው ቢል እንኳ መንገድ የለውም። «አገሩን በሙሉ ባለጌ አደረጋችሁት» የሚል ደብዳቤ ከየአቅጣጫው ይጎርፍ ነበር። ስለዚህ ቁልፉን ጻፍኩ። የተጫነው ሰው ቦታውን ከኋላው ላለ ለፈለገው ሰው ይለቃል። ያኛው «እሺ» ካለ ይለዋወጣሉ። «ኧረ አይገባም» ካለ ግን ነገሩ ወደ መጀመሪያው ሰው ይመለስና «አሁንም ያስቀድማሉ?» ተብሎ ይጠየቃል።

ጋሽ ዳምጤ አንብበው ሲጨርሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «እምቢ ቢባባሉስ?»

«አንዱ ይሰለቻል» አልኳቸው።

«ሞክረሽዋል?»

«አንድ ሺህ ጊዜ።»

እውነቴን ነበር። የሞከርኩት ግን ዶርም ውስጥ ነው፤ ዶርም ውስጥ ደግሞ ይቅደሙ ተብሎ እምቢ የሚል ሰው ገና አልተወለደም።

ሰኔ 14 ቀን 2071፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አባቴ ደወለልኝ። አባቴ ሻረው ይባላል፤ ዱርቤቴ ልብስ ሰፊ ነው። ግራ ዓይኑ በልጅነቱ በእሾህ ጠፍቷል፤ አርባ ዓመት ሙሉ መርፌ ሲያስገባ የኖረው በቀኙ ነው። ከአራት ቀን በፊት በቀኙም ላይ ጥቁር መጋረጃ መውረድ ጀመረ። በዓመት ሁለት ጊዜ የምትዞረው የዓይን ሕክምና መኪና በዚያው ሰሞን ዳንግላ ትቆማለች ሲባል ወዲያው ተመዘገበና ሦስተኛ ወጣለት። ሐኪሙ ማለዳ ውጭ ወጥቶ ሰልፈኛውን ሲመለከት፣ ገና ሲያየው «አስቸኳይ» ብሎ ጻፈ፤ ዛሬ ካልተሠራ ብርሃኑ አይመለስም። መኪናዋ ደግሞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ሌላ ወረዳ ትነሳለች። ወረፋ የሐኪም ጽሑፍ ይመዘግባል እንጂ ለእሱ ብሎ ተራ አይቀይርም፤ አያዳላም፣ ኩራቱም ይኸው ነው። ሦስተኛ መሆን ግን በቂ ነበር። በአንድ ሰው ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ፣ ገና ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ተራው ይደርሳል ብዬ ነበር።

«ትርንጎ፣ ቁልፍሽን አየኋት እኮ!» አለኝ፤ ድምፁ የሠርግ ቤት ድምፅ ነው።

«ጨረስክ እንዴ አባዬ?»

«ኧረ ገና ነኝ። ሦስተኛ ነኝ።»

«አሁንም ሦስተኛ? ከአንድ ሰዓት ጀምሮ?»

«ምን አስቸኮለሽ? ከፊቴ ያሉት ጨዋ ሰዎች ናቸው። አንደኛው ሐጂ ሙዘይን፣ ሁለተኛው መምህር ቢምረው። ሁለቱንም ሰማንያ አልፏቸዋል። በአንቺ ቁልፍ ይቅደሙ፣ ኧረ እርስዎ ይቅደሙ እየተባባሉ ነው። ልጄ ናት የሠራችው ብዬ ለሰዉ ሁሉ ነግሬአለሁ። እየመረቁሽ ነው።»

ኮምፒውተሬን ከፍቼ የዳንግላን ሰልፍ አየሁ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሦስት መቶ አርባ ጊዜ ይቅደሙ ተባብለዋል። የመኪናዋ በር ከአንደኛው ሰው በቀር ለማንም አይከፈትም፤ እነሱ እስኪስማሙ ድረስ ደግሞ አንደኛ የሚባል ሰው የለም። ከኋላቸው ሁለት መቶ ስልሳ ሰው አለ። አንድም ሰው በቃችሁ አላላቸውም። ምን ተብሎ ይባላል? ጨዋነትን ተው የሚል ማነው?

«ስልኩን እስቲ ለሐጂ ስጣቸው» አልኩ።

«ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ» አሉኝ ሐጂ።

«ሐጂ፣ በሞቴ እሺ ይበሉና ይግቡ። ሰልፉ ቆሟል።»

«እኔ መምህርን ቀድሜ? አምስት ልጆቼን ያስተማሩልኝ ሰው እኮ ናቸው። ምን እባላለሁ?»

ስልኩ ተቀባበለ። «ይኸውልሽ የኔ ልጅ» አሉ መምህር ቢምረው፣ ክፍል ውስጥ እንዳሉ ሁሉ ረጋ ብለው፤ «ሐጂ በሦስት ወር ይበልጡኛል። ሦስት ወር ቀላል ነው?»

ሁለቱም እየተደሰቱ ነበር። እንዲህ ያለ መከባበር ካዩ ብዙ ዘመናቸው ነው፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው በየተራ ይጫናሉ። አባቴ ስልኩን ሲመልስ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኩት። «አባዬ ስማኝ። ለአንተ ይልቀቁልህ። ሐኪሙ የጻፈልህን አሳያቸውና ጠይቃቸው።»

«እኔ?» አለ። «ሁለት ሽማግሌ አስቀድሙኝ ልል?»

«ዓይንህ ይጠፋል እኮ!»

«ይጥፋ። ምን በወጣኝ በስተርጅና እዋረዳለሁ? አንዱ ሲጠፋም ለምጄው ነበር። ደግሞ ደውለሽ እንዳትነግሪያቸው፤ ከነገርሽ ሰልፉን ጥዬ ቤቴ ነው የምገባው።»

ያደርገዋል። አባቴን አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለሁ ስኳር ሊያመጣ ሄዶ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያስቀድም ውሎ ባዶ ዘንቢል ይዞ የገባ ሰው ነው። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩ፤ ኮድ ለመጻፍ ንዴት ከእንባ ይሻላል።

ማሻሻያው ሁለት መስመር ነበር። የመጀመሪያው፣ ሰው ሦስተኛ ጊዜ እምቢ ካለ ነገሩ ያበቃል፣ ሁሉም በየቦታው ይቆያል ይላል። ለእንግዳ ምግብ ሲቀርብም ከሦስት ጊዜ በላይ አይለመንም። ሁለተኛውን የጻፍኩት አባቴን አስቤ ነው። ሽማግሌዎቹ ቢገቡ እንኳ አባቴ በሩ ላይ ሲደርስ ዘወር ብሎ ከኋላው ያለውን ሰው ይቅደሙ እንደሚል ገብቶኛል። ስለዚህ ሐኪም «አስቸኳይ» ያለው ሰው ማንንም ማስቀደም አይችልም ብዬ ጻፍኩ።

አምስት ሰዓት ላይ ላክሁት። ወዲያው መልስ መጣ። «ማሻሻያዎ ደርሶናል፤ እናመሰግናለን። ተራዎ 4,131 ነው።»

ሰኔ የመመረቂያ ሰዓት የሚሞላበት ወር ነው። ከፊቴ አራት ነጥብ፣ ነጠላ ሰረዝና ባዶ ቦታ ብቻ የሆነ አራት ሺህ አንድ መቶ ሠላሳ ማሻሻያ ተሰልፎ ነበር። ማሽኑ አንዱን በሃያ ሰከንድ ያጸድቃል፤ እኔ የሚደርሰኝ በማግስቱ ረፋድ ላይ ነው። ጋሽ ዳምጤ ጋ ደወልኩ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። «የኔ ልጅ፣ አባትሽ አንጀቴን በልተውታል» አሉ። «ግን አርባ ዓመት ሙሉ ለሚኒስትርም፣ ለእናቴም ቀብር ሰልፍ ጥሼ አላውቅም። አንድ ቀን ከጣስኩ በማግስቱ ወረፋ የሚባል ነገር የለም። የጉልበተኛ በር ይሆናል።»

«እና ዓይኑ ይጥፋ?»

«እሱን አላልኩም። ተራሽ ሲደርስ ቁጭ ብዬ እጠብቅሻለሁ፤ ምሳዬንም አልበላም።»

አልፈረድኩባቸውም ማለት ውሸት ነው። ፈረድኩባቸው፤ ደግሞም እውነታቸውን እንደሆነ አውቅ ነበር። አልጋዬ ላይ ተደፍቼ ሳለ ሲፈን ከካፌ ተመለሰች። ነገሩን ስትሰማ አንድ ጊዜ አፏን ያዘች። ቀጥላ ያለችውን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

«ሰው ማስቀደም ሰዓት ይቆጠራል?»

የሰዓት ቢሮውን ጠየቀችው። ቢሮው የሚመልሰው ማሽን ስለሆነ አልቆየም። «ሌላውን ማስቀደም በጎ ተግባር ነው። በጎ ተግባር በነጻ ፈቃድ እስከተፈጸመ ድረስ አንድ ሰዓት ይቆጠራል።»

ሲፈን ይህን መልስ ለግቢው ሁሉ በተነችው። ስለ አባቴ ዓይን አንድ ቃል አልጻፈችም። «ካልሽ ያዝኑልሽና ዝም ይላሉ» አለችኝ። የጻፈችው ይህን ብቻ ነው፤ 4,131ን አስቀድም፣ አንድ ሰዓት ውሰድ።

በአምስት ደቂቃ ውስጥ ስልኬ እንደ ንብ ቀፎ ይጮኽ ጀመር። «ይቅደሙ።» «ይቅደሙ።» «ይቅደሙ።» በሕይወቴ እንዲህ ተከብሬ አላውቅም። ችግሩ ይቅደሙዎቹም ራሳቸው ተሰልፈው፣ ከቅርቤ ካለው ሰው ጀምሮ በየተራ መምጣታቸውና እያንዳንዱን «እሺ» ብሎ መቀበል የግድ መሆኑ ነው፤ ሁሉንም ባንዴ ተቀበል የሚል ቁልፍ አልሠራሁም ነበር። ሰው እንዲህ በብዛት ይከበራል ብሎ ማን አሰበ? የእኔ አውራ ጣት ሲደክም ሲፈን፣ የሲፈን ሲደክም እኔ እየተቀባበልን አራት ሺህ አንድ መቶ ሠላሳ ጊዜ እሺ አልን። የመጨረሻው ከአራት ነጥብ ጓደኛዋ የመጣ ነበር። ለስምንት ሰዓት አሥር ጉዳይ ሲሆን አንደኛ ወጣሁ።

ጋሽ ዳምጤ እንዳሉት ቁጭ ብለው ይጠብቁ ነበር። የሚያነቡት ቀስ ብለው ነው። መጀመሪያ የነካሁትን፣ ከዚያ ያልነካሁትን፣ ከዚያ እንደገና የነካሁትን ያነባሉ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ዘጠኝ ከሩብ ሆነ። መኪናዋ አሥራ አንድ ላይ ትነሳለች፤ ሽማግሌዎቹ ብቻ አርባ ደቂቃ ይፈጃሉ። ዘጠኝ ተኩል ሲል ደወሉ።

«የመጀመሪያው ጥሩ ነው። ሁለተኛው መስመር ግን፣ ሰው መልካም ሊያደርግ ሲል እጁን ይይዛል። ምንድን ነው ይሄ?»

«ደንብ ነው።»

«ለአባትሽ ነው የጻፍሽው ወይስ ለሁሉም?»

መዋሸት እችል ነበር። «ለአባቴ ብዬ ነው የጻፍኩት። የሚሠራው ግን ለሁሉም ነው።»

ሲስቁ ሰማኋቸው። «እኔስ ወረፋን የጻፍኩት ለራሴ ሻወር አልደርስ ብሎኝ አልነበረም?» አሉና አጸደቁት።

የቀረውን የሰማሁት ከአባቴ ነው። አሥር ሰዓት ሊሞላ ሲል ሐጂና መምህር የመጨረሻውን እምቢታ ተባባሉ፤ ሰልፉም ሐጂ አንደኛ ናቸው ብሎ ቆረጠ። ሐጂ «እንግዲህ መንግሥት ካለ» ብለው ገቡ። መንግሥት ምንም አላለም ነበር። መምህር ቢምረው ተከተሉ። አሥር ተኩል ካለፈ በኋላ አባቴ በሩ ላይ ደረሰ። ከኋላው አራተኛ የነበሩት እማሆይ ወለላ የሚባሉ የሰባ ዘጠኝ ዓመት መነኩሴ ናቸው፤ የሞራ ግርዶሽ ነው ያለባቸው፣ ለሚቀጥለው ጉብኝት መቆየት ይችሉ ነበር። አባቴ ይህን አልጠየቀም። ፊቱን አዙሮ «እማሆይ፣ ይቅደሙ» አለና ቁልፉን ተጫነ።

ቁልፉ አልሠራም። ደግሞ ተጫነ። «አስቸኳይ ነዎት፤ ይግቡ» ይላል። በሩ ተከፍቷል፤ ሁለት መቶ ሰው ያያል። አባቴ ጀርባውን ለእማሆይ መስጠት ስላቃተው ይቅርታ እያለ፣ እየሰገደ፣ ወደ ኋላ እየተራመደ ወደ ሕክምናው ገባ። እሱ ሲወጣ አሥራ አንድ ሆኗል። መኪናዋ ተነሳች፤ እማሆይ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ዓይኑ ዳነ። ፋሻው በተፈታ በሳምንቱ ደወለልኝ።

«እግዜር ይስጥሽ» አለኝ። «አሁን ያንን ነገር አንሺልኝ።»

«የቱን?»

«ሰው እንዳላስቀድም ያደረግሽውን። ገበያ ስወጣ ምን እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ? እማሆይን ቀድሞ የገባው ልብስ ሰፊ ነው የሚሉኝ።»

«አላነሳም አባዬ።»

እንዲህ ብዬው አላውቅም ነበር። እሱም ሰምቶኝ አያውቅም።

«ኮዱ ክፍት ነው አላልሽም?» አለ። «ማንም ይጽፍበታል አላልሽም?»

«ብያለሁ።»

«እሺ» ብሎ ዘጋው።

በነሐሴ ጋሽ ዳምጤ ይቅደሙን የሚነካ ማሻሻያ ሁሉ በእኔ እንዲጸድቅ ሥልጣን ሰጡኝ፤ የጻፈው ይጠብቀው ብለው ነው። በመጀመሪያው ቀን የመጣልኝ የመጀመሪያ ማሻሻያ ከዱርቤቴ ነበር። አንድ መስመር ይሰረዝ ይላል። ምክንያት በሚለው ሳጥን ውስጥ «ነውር ነው» ተብሎ ተጽፏል። የስልሳ ሦስት ዓመት ሰውዬ እንዴት ተምሮት እንደሆነ አላውቅም። የጎረቤት ልጅ ረድቶኝ ነው እንዳይለኝ አልጠየቅኩትም።

አይሆንም አልኩ። በማግስቱ እንደገና ላከ። አይሆንም አልኩ። ይኸው ሰባት ወራችን ነው፤ ጠዋት ጠዋት ገና ሱቁን ሳይከፍት ይልካል፣ እኔም ወደ ክፍል ከመሄዴ በፊት እመልሳለሁ። የሰዓት ቢሮው ውድቅ የሆነም ቢሆን ከልብ ከተሞከረ ይቆጠራል ስላለ፣ አባቴ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰዓት በጎ ፈቃድ አለው። እኔ አሥራ አንድ።

ትናንት የላከው ረዘም ያለ ነበር። መስመሩ ይሰረዝ ከሚለው በታች ሌላ ነገር ጨምሯል። «ደግሞ 88ኛው መስመር ላይ ሦስተኛው እምቢታ ላይ ይቁም ያልሽው አራተኛው ላይ ነው የሚቆመው። ከዜሮ ጀምረሽ ቆጥረሻል። ልጄ፣ ሰው ከአንድ ነው የሚቆጥረው።»

ሄጄ አየሁት። እውነቱን ነው። እኔ አላየሁትም፣ ጋሽ ዳምጤም ያን ሁሉ ሰዓት አንብበው አላዩትም፤ ከሁለት ሺህ መስመር መካከል አንዲት ቁጥር ናት። ዱርቤቴ ያለ ልብስ ሰፊ በቀረችው አንድ ዓይኑ አይቶ ለቀማት። ስልኩን ይዤ ትንሽ አለቀስኩ።

ከዚያ 88ኛውን መስመር ተቀበልኩ፤ የላይኛውን አይሆንም አልኩና ወደ ክፍል ሄድኩ።